«ያጽናህ» ሳይባል፦ በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ስለ እምነትና ወዳጅነት

አማርኛ ለሐዘንተኛ የሚለው አያጣም። «እግዜር ያጽናህ» አለ፤ «ያስችልሽ» አለ፤ «ነፍስ ይማር» አለ፤ በሙስሊሙ ቤት «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አለ። እነዚህ ሁሉ ግን በአንድ ቁልፍ ነው የሚከፈቱት፤ ሰውዬው መሞት አለበት። እናቱ አልጋ ላይ ላለችበት፣ ሐኪሞችም «ወደ ቤት ውሰዷት» ላሉት ልጅ «ያጽናህ» ብሎ የሚገባ ጠያቂ የለም። ቢኖር ሟርተኛ ይባላል፤ ቤተሰቡም ቂም ይይዝበታል። ለዚያ ቤት የተፈቀደው «ይማርልህ» ነው፤ «ምሕረቱን ያውርድላት» ነው፤ «አላህ አፊያ ያድርጋት» ነው። ልመናው ሁሉ ስለ ታማሚዋ ነው። ሌሊቱን አጠገቧ ተቀምጦ ለሚያነጋው ልጅ ከዚህ ሁሉ የደረሰችው «ልህ» የምትለዋ ቅጥያ ብቻ ናት።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያች ቅጥያ ነው። ሞት እርግጥ ሆኖ ገና ባልደረሰበት ጊዜ፣ ሳምንትም ይሁን ወራት፣ ሰው በምን ይጽናናል? እምነት ምን ይሰጠዋል? ወዳጅስ? ጥያቄው የነገረ መለኮት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከነገረ መለኮት ይልቅ የልማድ፣ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ አድርጌ ልይዘው እሞክራለሁ። በዚህ ጉዳይ የተጻፉትን የውጭ ሥራዎችም ከእኛው ቤት ልማድ ጎን አስቀምጬ እመረምራቸዋለሁ። አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ ልማዳችን በዚህ ጊዜ መጽናናትን ከቃል ነጥቆ ለእጅ ሰጥቶታል፤ በዚህም ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ብልህ ነው። ነገር ግን ያንን ብልሃት በድርጅት ደረጃ አላቆመውም፤ ድርጅታችን በሙሉ ሞትን ይጠብቃል።

«ማጽናናት» የመጣው «ጸና» ካለው ነው፤ ማጽናት፣ ማጠንከር። ዕንባ ማበስን ወይም ልብ ማረጋጋትን በቀጥታ አይናገርም። የሚወድቀውን ደግፎ ማቆምን ነው የሚናገረው። «አስታመመ» ደግሞ «ታመመ» ካለው ተወልዶ ትርጉሙ የታመመን መንከባከብ ሆኗል። በየሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው «አስታማሚ ብቻ ይግባ» ሲል የሚጠራው ሰው በስሙ ውስጥ ሕመሙን ይዞ የሚገባ ነው። ምግብ አብሳዩ፣ ላብ ጠራጊው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ ወረፋ ያዡ፣ ሌሊት ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚተኛው ይኸው ነው። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ሰው በተንከባካቢነቱ ይጠሩታል። የእኛው በሕመሙ ይጠራዋል። ልዩነቱን ማጋነን አልፈልግም፤ የቃል ታሪክ የሰው ታሪክ ማስረጃ ተደርጎ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ይሁንና አስታሞ የሚያውቅ ሰው ስሙ እንዳልዋሸበት ይመሰክራል።

በአስታማሚ ቤት የሚካሄደው ንግግር ሰምና ወርቅ ነው። «የንስሐ አባቷን ጥሩላት» ሲባል ሰሙ ጸሎት ነው፤ ወርቁን ግን በቤቱ ያለ ሁሉ ያውቀዋል፣ ታማሚዋም ጭምር። «ወንድሟ ከጎንደር ይምጣ»፣ «ልጆቹ በየተራ ይሳሟት»፣ በሙስሊሙ ዘንድ «አውፍ እንባባል» ሲባልም እንዲሁ ነው። ማንም «ልትሞት ነው» አላለም፤ ማንም ደግሞ አልዋሸም። ይህን ልማድ «እውነት መደበቅ» ብለው የሚነቅፉ አሉ፤ በተለይ በሕክምና ሥነ ምግባር የሠለጠኑቱ። ነቀፋቸው ግማሽ እውነት አለው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። ያላዩት ግማሽ ግን ልማዱ እውነቱን የሚናገርበት የራሱ ሰዋስው እንዳለው ነው፤ በትእዛዝ ይናገራል፣ በጥሪ ይናገራል፣ በይቅርታ ይናገራል።

እናቴን ያስታመምንባቸው አራት ወራት ይህን አስተምረውኛል። ሐኪሙ እኛን ልጆቿን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ነገረን፤ እርሷን አልነገራትም፤ እኛም አልነገርናትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ጓደኛዋ የሆነች፣ ማኅበርም አብራት የምትጠጣ፣ የሰፈራችን ሴት በየማታው ትመጣ ነበር። ብዙ አታወራም። ውኃ ታሞቃለች፣ እግሯን ታጥባታለች፣ ጥፍሯን ትቆርጥላታለች፣ ዕቃ አጥባ ትሄዳለች። አንድ ቀን እናቴ የሣጥኗን ቁልፍ ከራስጌዋ አውጥታ ሰጠቻትና መግነዣዋ ከየትኛው ነጠላ ሥር እንዳለ ነገረቻት። እኛ በአንድ ድምፅ «ኧረ እማዬ! ምን ሟርት ነው?» አልን። ሴትዮዋ ግን ቁልፉን ተቀብላ በመቀነቷ ቋጠረችና «እሺ» አለች። በቃ «እሺ» ነው። ያን ሌሊት እናቴ ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። በኋላ ሳስበው እኛ ልጆቹ ፍርሃታችንን ነበር ስናስታምም የከረምነው። ያቺ ሴት ናት እናቴን ያስታመመቻት።

ይህንን «እሺ» በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስፈልግ ያገኘሁት ከአንድ የሩሲያ ገበሬ ዘንድ ነው። ሌቭ ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ዋናው ገጸ ባሕርይ የፍርድ ቤት ሹም ነው፤ ጎኑ ላይ በጀመረው ምንነቱ ባልታወቀ ሕመም ቀስ እያለ ይሞታል። ደራሲው ታሪኩን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ የሞቱን ዜና ሰምተው በልባቸው የሹመቱን ክፍት ቦታ ያሰላሉ፣ ከዚያ የካርታ ጨዋታቸው እንዳያመልጣቸው ይጨነቃሉ። ኢቫንን ከሥቃዩ በላይ የሚያንገበግበው ውሸቱ ነው፤ ሚስቱም ሐኪሞቹም ወዳጆቹም ታሟል እንጂ አይሞትም ብለው ተስማምተዋል፤ እርሱንም በስምምነታቸው አባል ያደርጉታል። ከዚህ ውሸት ነፃ የሆነው ጌራሲም የሚባለው ወጣት አገልጋይ ብቻ ነው። የሽንት ዕቃውን ያለ መጸየፍ ያወጣል። የታማሚውን እግር ትከሻው ላይ አድርጎ ሌሊቱን ይቀመጣል፤ እግሩ ከፍ ሲል ሕመሙ የሚቀንስ ይመስለዋልና። ስለ ድካሙ ሲጠየቅም ሁላችንም እንሞት የለ፣ ታዲያ ብደክም ምን ይሆናል በሚል መንፈስ ይመልሳል።

ሐያስያን ጌራሲምን ብዙውን ጊዜ የእውነት ተናጋሪነት ምልክት አድርገው ያነቡታል። ይህ ንባብ ትንሽ ይቸኩላል። ጌራሲም እውነቱን የሚናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር በማይሞላ ቃል ነው፤ የቀረውን የሚናገረው በትከሻው ነው። ቶልስቶይ በሀብታሙ ቤት ውስጥ ያስገባው የገበሬ ልጅ የነገረ ሞት ፈላስፋ አይደለም፤ አስታማሚ ነው።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ ከጌራሲም ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ቦታ አለ። ወደ ፍጻሜው ቄስ ይመጣል። ኢቫን ይናዘዛል፣ ይቆርባል፤ ለአፍታም ይቀለዋል፣ ተስፋም ያደርጋል። ወዲያው ሚስቱ ትገባና ተሽሎህ የለም ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ሳያያት «አዎን» ይላል። ከዚያች «አዎን» በኋላ የሦስት ቀን ጩኸቱ ይጀምራል። ቶልስቶይ ቤተ ክርስቲያንን የሚተች ደራሲ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ቦታውን የቁርባኑ ከንቱነት ማሳያ አድርጎ ያልፈዋል። እኔ እንደማነበው ቁርባኑ ሠርቶ ነበር፤ ያፈረሰው ጥያቄው ነው። «ዛሬስ ተሻለሽ?» የሚለው የእኛው ጠያቂም በዚያው በር ነው የሚገባው። ታማሚው ላለመሻሉ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው «ደኅና ነኝ፣ ይመስገን» ይላል፤ ጠያቂውም ተጽናንቶ ይሄዳል። ማን ማንን ጠየቀ?

ከዚህ ወደ መጽሐፈ ኢዮብ መሻገር ግድ ነው፤ ስለ ወዳጆች ጥየቃ ከተጻፉት ከቀደሙትና ከመረሩት አንዱ እርሱ ነውና። ቴማናዊው ኤልፋዝ፣ ሹሐዊው በልዳዶስና ናዕማታዊው ሶፋር የወዳጃቸውን መከራ ሰምተው ከየአገራቸው ይመጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠሩት ሥራ ፍጹም ነው፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከመሬት ላይ አብረውት ይቀመጣሉ፣ አንድ ቃልም አይናገሩም። ችግሩ በስምንተኛው ቀን መናገራቸው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት የብዙ ምዕራፎች ክርክር በአመዛኙ ማስረዳት ነው፤ መከራ ያለ ኃጢአት አይመጣም፣ እግዚአብሔር አያዳላም፣ ንስሐ ግባ። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ከሃይማኖት ውጭ አይደለም። በመጽሐፉ ፍጻሜ ግን ፍርዱ በእነርሱ ላይ ይወርዳል፤ ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር ያልተናገሩት እነርሱ ሆነው ይገኛሉ፤ የተከራከረው ኢዮብ ይጸልይላቸዋል።

የሚገርመው በሰባተኛው ቀንና በስምንተኛው መካከል በወዳጆቹ እምነት ላይ የተለወጠ ነገር አለመኖሩ ነው። ያው እምነት ነው። ለሰባት ቀን የሚቀመጡበት ምክንያት ነበር፤ በስምንተኛው የሚያስረዱበት ነገር ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም እዚሁ ላይ ይቆማል። እምነት ለሚሞት ሰውና ለቤተሰቡ መጽናኛ የሚሆነው የሚሠራ ነገር ሲሰጥ ነው፤ ምክንያት ሊሰጥ ሲነሣ ግን ወዲያው ኤልፋዝ ይሆናል።

የኤልፋዝ ዘር ደግሞ በእኛ ዘንድ አልጠፋም። በአንዳንድ ጸበል ቦታ «ምን ሠርታ ነው?» የሚል ሹክሹክታ አለ። በአንዳንድ የፈውስ ጉባኤ «ተፈውሰሻል» ተብሎ ታውጆባት ካንሰሩ ያልለቀቃት ሴት በሕመሟ ላይ የእምነት ጉድለት ክስ ተጨምሮባት ትሞታለች። ክሱን የሚያመጡት ጠላቶቿ አይደሉም፤ አብረዋት የሚጸልዩ ወዳጆቿ ናቸው፤ ለዚህም ነው የሚከብደው። በኤች አይ ቪ ዘመን በጸበልና በመድኃኒት መካከል የተነሣውን ውጥረት እናስታውሳለን። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት ጉዳይ ነበር። የዚያ ንግግር ክብደት ከሕክምናውም ያልፋል፤ መድኃኒቱን በስውር ይውጥ ለነበረው ታማሚ ከእምነቱም ከወዳጆቹም ሳይደበቅ የሚታመምበትን ፈቃድ ሰጥቶታል።

የሚሠራ ነገር ስል ምን ማለቴ ነው? በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ምስጢረ ቀንዲል ነው። ካህናቱ በታማሚው ዘንድ ተሰብስበው እየጸለዩ ዘይት ይቀቡታል። ሥርዐቱ ለታመመ ሁሉ የተሠራ ነው፤ ሕዝቡ ግን የሞት ምልክት አድርጎ ስለሚፈራው ጥሪው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል። ቀንዲል ከጸሎቱ ሌላ አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ የታማሚውን ገላ ይነካል። ለወራት በመርፌና በጓንት ብቻ የተነካ ግንባር በሌላ እጅ ይዳሰሳል። ንስሐም እንዲሁ ሥራ ነው፤ የተጣሉት ተጠርተው ይታረቃሉ፣ ዕዳ ይነገራል፣ አደራ ይሰጣል። ዳዊት የሚደግም ሰው ከራስጌ ሲቀመጥ ቤቱ የሚያደምጠው ነገር ያገኛል፤ ካላገኘ የሚያደምጠው የታማሚውን ትንፋሽ ነው፣ ያንንም እየቆጠረ። በሙስሊሙ ቤት ያሲን ይቀራል፤ ሸሃዳው በቀስታ በጆሮ ይነገራል፤ የታመመን መጠየቅ አንዱ ሙስሊም በሌላው ላይ ካለው ሐቅ ተቆጥሯል። ጠያቂው ታማሚውን እንዳያደክም ቶሎ ይነሣ የሚለው አደብም አብሮ ይነገራል፤ እኛ ክርስቲያኖቹ ይህንን ብንማር አይጎዳንም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በፍርድ ቀን ከሚቆጠሩት ሥራዎች መካከልም የታመመን መጠየቅ አለ። ታማሚውን ስለ መፈወስ እዚያ የተጠየቀ የለም።

የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። እናቱ ሞኒካ እ.ኤ.አ. በ387 በሮም ወደብ በኦስትያ፣ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩበትን መርከብ ሲጠብቁ ታመመች፤ በዘጠነኛው ቀን በ56ኛ ዓመቷ ዐረፈች። ሌላው ልጇ በአገሯ ብትሞት ይሻላል ሲል ተቆጣችው፤ ሥጋዬን የትም ቅበሩት፣ በመሠዊያው ፊት ብቻ አስቡኝ በማለት አደራዋን ሰጠች። አውግስጢኖስ አንደበተ ርቱዕ የቃል ሰው ነበር፤ ንግግር ማስተማር እንጀራው ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ቃል አልጠቀመውም። ልጁ አዴዎዳጦስ ጮኾ ሲያለቅስ ዝም አሰኙት። ያኔ ወዳጁ ኤዎድዮስ ዳዊቱን አንሥቶ መዝሙር ጀመረ፤ ቤቱ ሁሉ እየተቀበለ ዘመረ። በትረካው ውስጥ ይህ ሁለት መስመር አይሞላም፤ እኔ ግን ከምዕራፉ ሁሉ የምይዘው እርሱን ነው። ወዳጁ የእምነቱን መጽሐፍ አነሣ፤ ስለ እምነቱ ግን አላስረዳም። እምነትና ወዳጅነት በዚያ ቅጽበት ሁለት ነገር አልነበሩም። አውግስጢኖስ በኋላ ሌላም ነገር ይሞክራል፤ ሰውነት መታጠብ ሐዘን ያስወግዳል ሲሉ ሰምቶ ገላውን ታጠበ፤ አላስወገደለትም። ተኝቶ ሲነሣ ሌሊት ብቻውን አለቀሰ። መጽናናት ዕንባን አይከለክልም ማለት ነው፤ የሚፈስበትን ቦታ ይሰጠዋል።

የሞኒካ አደራ ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በሮም ለሚኖር አንባቢ ሌላ ድምፅ አለው። በስደት የሚያስታምም ሰው ቤት ውስጥ ከሕመሙ በፊት የሚነሣው ጥያቄ «አስከሬኑ ይሄዳል ወይስ እዚህ ይቀበራል?» ነው፤ ብዙዎቹ የውጭ እድሮችም ለአስከሬን መላኪያ የሚሆን ገንዘብ ያዋጣሉ። የተገላቢጦሹ ይብሳል። በቤይሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ እናቷ ወሎ ውስጥ ስትሞት ማስታመሟ በስልክ ነው፤ ስልኩም የአሠሪዋን እንቅልፍ ጠብቆ ነው የሚደወለው። ለእርሷ ከሁሉ የሚጠቅማት ወዳጅ ከጎኗ ያለው ላይሆን ይችላል፤ ስልኩን በእናቷ ጆሮ ላይ የሚይዝላት የጎረቤት ልጅ ነው። የያዘበት እጅ እስኪደክመው ሊቆም ይችላል፤ እዚያ ማዶ ያለችው ግን የምታየው ነገር የለም፤ ትንፋሽ ብቻ ትሰማለች።

ወዳጅ ከእምነት የሚለይበት አንድ ነገር ግን አለ፤ አደራ ይቀበላል። «ልጆቼን አደራ» የሚባለው ለሰው ነው። ለእግዚአብሔርም ይባላል፤ ግን የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስታውሰው ያ ሰው ነው። ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ ስለሚሞት ሰው ስሜት የዘረዘረቻቸውን አምስት ደረጃዎች የማያውቅ የሥነ ልቦና ተማሪ ዛሬ የለም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ካሳተመችው መጽሐፍ ተነጥለው በየክፍሉ የሚሸመደዱት እነዚያ ደረጃዎች ግን በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ የሚካሄዱ ናቸው፤ ጠያቂ የላቸውም። መካድ አለ፣ ቁጣ አለ፣ ድርድር አለ፤ ቁልፍ ተቀብሎ በመቀነቱ የሚቋጥር ሰው የለም። ሟች ሞቱን «የሚቀበለው» ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ሰው ሲያገኝ ነው።

ይህን የሚያውቅ አንድ የሕክምና ታሪክ አለ። ዴቪድ ታስማ ከዋርሶ የመጣ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበር፤ ዘመድ በሌለበት በለንደን ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1948 በካንሰር ሞተ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የምትጠይቀው የሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ የነበረችው ሲስሊ ሳውንደርስ ነበረች። ለሚሞቱ ሰዎች የሚሆን ቤት አንድ ቀን ስለማቆም አብረው ያወሩ ነበር። ሲሞት 500 ፓውንድ ተናዘዘላት፤ በቤትሽ ውስጥ መስኮት ልሁን በሚል ቃል። እርሷ ክርስቲያን ናት፤ እርሱ ከአባቶቹ እምነት ርቆ የኖረ ሰው ነው። ሳውንደርስ ሕክምና ተምራ ሐኪም ሆነችና እ.ኤ.አ. በ1967 በደቡብ ለንደን ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች፤ የዛሬው የማስታገሻ ሕክምና ከዚያ ይጀምራል። «ጠቅላላ ሕመም» ያለችው ሐሳብ የአካሉን፣ የልቡን፣ የኑሮውንና የመንፈሱን ሥቃይ በአንድነት የሚያይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሳይንሱ ድል ነው፤ ሞርፊን በሰዓቱ መስጠት፣ ሕመሙ እስኪመለስ አለመጠበቅ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመም እየቀደደው ያለ ሰው ዳዊትም አይሰማም። ነገር ግን የተቋሙ መነሻ በሁለት ብቸኞች መካከል የነበረ ወዳጅነት መሆኑን ታሪኩ ራሱ ያስታውሳል፤ መስኮቱም በቤቱ አለ።

በአዲስ አበባም የዚህ ሥራ ፈለግ አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያስታግሳል፤ በስድስት ኪሎ የእማሆይ ትሬዛ እህቶች ቤት ዘመድ የሌላቸውን ታማሚዎች እስከ መጨረሻቸው ያስታምማል። የከተማይቱን ስፋት ያየ ግን ይህ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያውቃል። ለአብዛኛው ሰው ሆስፒሱ ቤቱ ነው፤ ነርሱም ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል የተውኩትን ግማሽ ነቀፋ ላንሣ። አዎን፣ ሰምና ወርቁ የሚሠራው ፈቺ ሲኖር ነው። ታማሚው ወጣት ሲሆን፣ የንስሐ አባት የሌለው ሲሆን፣ ወይም ቤተሰቡ በፍርሃት ወርቁን ጭምር ሲቀብረው ልማዱ ወደ ውሸት ይወርዳል፤ የኢቫን ኢሊችም ቤት ይሆናል። የሚገርመኝ ግን አስቸጋሪ ዜናን የመንገር ጥበብ ከእኛ በላይ የጠራለት ሕዝብ ብዙ አለመኖሩ ነው። መርዶን እንመልከት። ሰዓቱ ተመርጦ በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አይነገረውም፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አስቀድሞ ከጀርባው ይቆማል። ይህንን ሁሉ የሚያውቅ ሕዝብ የሐኪምን ዜና በኮሪደር ላይ፣ ቆሞ፣ በሁለት ደቂቃ ሲቀበል ማየት ያሳፍራል። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን የክፉ ዜና አነጋገርን ከውጭ መጽሐፍ ከማስተማራቸው በፊት መርዶ ነጋሪ ሽማግሌን አንድ ቀን ቢጋብዙ እመክራለሁ።

የመጨረሻው ነጥቤ እድር ነው። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ብርጭቆ አለው፣ ጡሩምባ ነፊ አለው፣ ያልተገኘን አባል መቅጫ አለው። ሁሉም የሚነቃነቀው አባሉ ወይም ቤተሰቡ በሞተ ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አራት ወራት፣ አስታማሚው ሥራውን አጥቶ ቤቱ ሲራቆት፣ እድሩ በደንቡ መሠረት ይጠብቃል። በኤች አይ ቪ ወረርሽኝ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙ አባላትን መርዳት ጀምረው ነበር፤ እንደሚቻል ያኔ ታይቷል። የሚጠይቀውም ብዙ ገንዘብ አይደለም። በየተራ የሚያድር ሁለት ሰው፣ አስታማሚው እንዲተኛበት አንድ ሌሊት፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ ትራንስፖርት ነው። ከቀብር የቀረን የሚቀጣ እድር ከማስታመም የቀረን የማይጠይቅበት ምክንያት በየትኛውም ሃይማኖታችን ውስጥ አላገኘሁም።

ይህን ያነበባችሁ የእድር አባላት፣ ወር ሲደርስ ከስብሰባው በፊት መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና «ሞት» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ፣ «ሕመም» የሚለው ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ግቡ።